ፈጥኖ ያደገውን ወይፈን ልሽጠው ወይስ ለዘር ላስቀረው?

የገንደቆሬው (ውይይቱን የከፈተ) — የካቲት 9

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሁለት ወይፈን እያሰርኩ አደልባለሁ። የአባቴ ከብቶች ፈዲስ በኩል ናቸው፤ አስራ አራት ላም ከነጥጆቻቸው።

ኅዳር 9 ቀን ባቢሌ ገበያ ወጥቼ ሁለት ወይፈን ገዛሁ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡላ። ሁለቱም አልተኮላሹም። አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት መኖ ነው የምሰጣቸው። ቀን ገራባ (የጫት ተራፊ) እና የማሽላ አገዳ፣ ማታ ፉርሽካ ከፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ጋር። በየአስራ አምስት ቀኑ በሜትር እየለካሁ እጽፋለሁ። ዛሬ 90 ቀናቸው ነው። ቀዩ 72 ኪሎ ጨመረ። ቡላው 45 ብቻ።

ጎረቤቴ ቀዩን ለፋሲካ ሽጠው ይለኛል። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቤያለሁ። ፈዲስ ወስጄ ለአባቴ ላሞች ኮርማ ላደርገው ነው። የአባቴ ጥጆች ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። አባቴ ድርቁ ነው ይላል፣ እናቴ ደግሞ ኮርማው ነው ትላለች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ፈጥኖ ማደግ በዘር ይተላለፋል? ከተላለፈስ ምን ያህሉ? «በደም ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። በቁጥር የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የሐረማያ አድላቢ

ወንድሜ፣ ሽጠው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ከአባቴ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ግን ልጠይቅህ። ስትገዛው ቀዩ ምን ይመስል ነበር? የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር? ጥርሱንስ አይተሃል?

የገንደቆሬው

አዎ፣ ቀዩ በጣም ከስቶ ነበር። ቡላው ደህና ሥጋ ነበረው። ጥርስ ካልክ ቀዩ ሁለት ቋሚ ጥርስ አውጥቷል። ቡላው ገና በወተት ጥርሱ ነው።

የሐረማያ አድላቢ

እንግዲህ መልሱ እዚያው አለ። ቀዩ በዕድሜ ይበልጣል፣ ግን በረሃብ ኖሯል። ዕድሜው አድጎ ሥጋው ወደ ኋላ የቀረ ከብት መኖ ሲያገኝ እንደ ክረምት ሣር ነው የሚነሣው። እኛ ገበያ ላይ እሱኑ ነው የምንፈልገው። አጥንቱ ሰፊ፣ ሥጋው የጎደለ። ትርፋችን ያለው በዚያ ጉድለት ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከገዛህበት ቀን ወዲህ ያለውን ነው የቆጠርከው። ከብቱ ባቢሌ ድረስ በእግሩ ተነድቶ፣ ውሃ ሳይጠጣ ነው የሚደርሰው። በመጀመሪያው ሳምንት የጨመረው ብዙው የሆድ ዕቃ ነው። የሚያመሰኳ ከብት ሆዱ ውስጥ ያለው መኖና ውሃ ከክብደቱ ከአንድ አስረኛ ይበልጣል። ቀዩ ጎበዝ አይደለም አልልህም። 90 ቀኑ ግን ስለ ዘሩ ምንም አልነገረህም።

አዳቃዩ

የሐረማያ አድላቢ ያለው ትክክል ነው። በትምህርቱ ዓለም «የማካካሻ ዕድገት» ይሉታል። እኔ የተማርኩት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሁን ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ላም አዳቅላለሁ። ቁጥር ስለጠየቅክ በቁጥር ልሞክር።

በሁለት ከብቶች መካከል የምታየው ልዩነት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ከወላጆቻቸው የወረሱት ነው። ሌላው የኖሩበት ነው፤ የበሉት፣ የታመሙት፣ የጠቡት ወተት፣ የተወለዱበት ወር። አርቢዎች «የመወረስ መጠን» የሚሉት ቁጥር አለ። በአንድ መንጋ ውስጥ ከሚታየው ልዩነት ስንቱ ወደ ልጅ ሊያልፍ የሚችል የዘር ልዩነት እንደሆነ ይነግርሃል። በሥጋ ከብት ላይ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች የልደት ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶ፣ ጡት ሲጥሉ ያለው ክብደት 25 በመቶ ገደማ፣ ዓመት ሲሞላቸው ያለው ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ላም ቶሎ የመፀነሷ ነገር ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ዕድገት በመምረጥ ሊሻሻል የሚችል ባሕርይ ነው።

አሁን ወደ አባትህ መንጋ እንምጣ። ዓመት የሞላቸው ወይፈኖች በአማካይ 130 ኪሎ ናቸው እንበል። አንዱ 160 መዘነ። በ30 ኪሎ በለጠ ማለት ነው። ከዚህ 30 ውስጥ በዘር የሚቆጠረው ሲሶው ነው፣ 10 ኪሎ። ጥጃ ደግሞ ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን ነው። ስለዚህ የዚያ ወይፈን ልጆች በአማካይ 5 ኪሎ ነው የሚጨምሩት።

የገንደቆሬው

5 ኪሎ ብቻ? አቦ፣ ለ5 ኪሎ ብዬ ነው ኮርማ ሁለት ዓመት የምቀልበው?

አዳቃዩ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ከፉርሽካ ጋር አወዳድረው። ፉርሽካ ዘንድሮ ትገዛለህ፣ ከርሞም ትገዛለህ። መግዛት ያቆምክ ቀን ጭማሪውም ይቆማል። በዘር የገባው 5 ኪሎ ግን መንጋው ውስጥ ይቀራል። ሴት ልጆቹ ነገ እናት ይሆናሉ። ቀጣዩን ኮርማ ደግሞ ከተሻሻለው መንጋ ትመርጣለህ። ያኔ 5 በ5 ላይ ይደረባል። ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽህም። ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ለማለፍ ከብት አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል።

ደግሞ አስብበት። አንድ ላም በዓመት ቢበዛ አንድ ጥጃ ነው የምትሰጥህ። አንድ ኮርማ ግን የመንጋህን ሁሉ ጥጆች አባት ይሆናል። ሴት ላይ መምረጥ አትችልም፤ ሁሉንም ለመራቢያ ትፈልጋቸዋለህ። ወንድ ላይ ግን ከአስር አንዱን ብቻ ብታስቀር ይበቃሃል። ምርጫው ጉልበት የሚኖረው ኮርማ ላይ ነው።

የኮምቦልቻው ሽማግሌ

ልጆቼ፣ የሐረርጌው ኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ጽሑፉን ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እናቱ «ኮርማው ነው» ያለችውን አትለፉት። እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንድ ጥጃ ሲወለድ ሁሉም ያየዋል። ደረቱ የሰፋ፣ ሻኛው የቆመ፣ ፈጥኖ የሚያድግ ከሆነ ገና በሁለት ዓመቱ ገዢ ይመጣለታል። ይሸጣል። ወይም ተኮላሽቶ ያርሳል፣ ከዚያ ታስሮ ይቀለባል። ገበሬው የማሽላውን ቅጠል እየቀጠፈ በእጁ ያጎርሰዋል። የሐረር ሰንጋ ተብሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስሙ አገር ያወቀው ነው። በዚህ እኔም እኮራለሁ።

ግን ሰንጋ ዘር የለውም። ስሙም ሥጋውም ሄደ። ሜዳው ላይ ከላሞች ጋር የሚቀረው ማን ነው? ገዢ ያጣው። ቀጭኑ፣ አጥንተ ትንሹ፣ ማንም ያልፈለገው። ላሞቹን ሁሉ የሚያጠቃው (የሚያስረግዘው) እሱ ነው። ይህን ስናደርግ ስንት ዘመን ሆነን? እያንዳንዳችን በየዓመቱ ከመንጋችን ደካማውን መርጠን ለአባትነት አስቀረን። ያውም ሳናውቀው።

አባቴ እንዲህ አያደርግም ነበር። አንድ ኮርማ ለጎረቤት ሁሉ ይቀመጥ ነበር። ማንም አይሸጠውም። ዛሬ ግጦሹ ጠበበ፣ መሬቱ በጫት ተያዘ፣ ኮርማ የሚቀልብ ሰው ጠፋ።

አዳቃዩ

አባቴ፣ እጅዎን እስማለሁ። ውይይቱ መሄድ የነበረበት ወደዚህ ነበር።

እርስዎ ያሉት ያው እኔ የሠራሁት ስሌት ነው፣ ተገልብጦ። በ30 ኪሎ የሚበልጠውን ወይፈን ብናስቀር ልጆቹ 5 ኪሎ ይጨምራሉ አልኩ። በ30 ኪሎ የሚያንሰውን ብናስቀርስ? ልጆቹ 5 ኪሎ ይቀንሳሉ። ያውም መንጋው ውስጥ ይደረባል። ድርቁም አለ፣ የግጦሹም መጥበብ አለ። ከዚያ ላይ ግን በገዛ እጃችን የምንቀንሰው አለ።

የባቴዋ

እኔ ሐረማያ አጠገብ ባቴ ነው ያደግኩት። ወንዶቹ ስለ ኮርማ ብቻ እያወራችሁ ነው። የእናቱን ጡት ማን አየ?

ቤታችን ሦስት ላም ነበረን። ወተቱን እናቴ ነበረች የምታልበው። ለቤት የሚሆነውን አልባ፣ የቀረውን ሐረር ለሚወስዱት ትሸጣለች። ጥጃው የሚጠባው ከእኛ የተረፈውን ነው። ብር ሲኖር ሁለት ጡት ለጥጃው ይተዋል። ብር ሲጠፋ አንድ። የትምህርት ቤት ክፍያ የነበረበት ዓመት የተወለደው ጥጃ ኮሳሳ ሆነ። ዘሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔ ደብተር ስለገዛሁበት ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይበላኛል።

ስለዚህ ሁለት ጥጆች ጡት ሲጥሉ መዝናችሁ «ይሄ ይሻላል» ብትሉ፣ የመዘናችሁት የእናቶቻቸውን ወተትና የቤቱን ችግር ሊሆን ይችላል።

አዳቃዩ

እህቴ፣ በጣም ትክክል ነሽ። የሙያው ሰዎችም ይህን ለብቻ ይቆጥሩታል። ጡት እስኪጥል ድረስ ባለው ዕድገት ላይ ሁለት የዘር ሥራ አለ። አንዱ የጥጃው የራሱ የማደግ አቅም ነው። ሌላው የእናቲቱ ወተት የመስጠትና የማሳደግ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ የተሠራ የቆየ ሙከራ አለ። ግዙፍ የሆነውን የሻየር ፈረስ ከትንሹ የሼትላንድ ፈረስ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቀሉ። ውላጆቹ ዘራቸው እኩል ተደባልቋል። ግን ከትልቋ እናት የተወለደው ሲወለድ ከትንሿ ከተወለደው በጣም ይበልጥ ነበር። የእናት ማሕፀን ብቻውን ይህን ያህል ይሠራል።

ስለዚህ የገንደቆሬው፣ ምክሬ ይህ ነው። ወንዶቹን የምታወዳድረው ጡት ከጣሉ በኋላ፣ ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ይሁን። ከእናት ጉያ ወጥተው በራሳቸው ግጠው ያሳዩህ። ያኔም ቢሆን የጡቱ ነገር ጨርሶ አይጠፋም። እናትህን ጠይቅ፤ የቱ ጥጃ በደንብ እንደጠባ፣ የቱ እንደተበደለ ታውቃለች።

የጅግጅጋ መንገድ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ለምን ይህ ሁሉ ድካም? የውጭ የሥጋ ኮርማ አባለዘር አምጥቶ ማዳቀል አይቀልም? ቪዲዮ ላይ ያየሁት አንድ የቤልጂየም ኮርማ አለ። ጡንቻው ተራራ ነው።

አዳቃዩ

ያየኸው ቤልጂያን ብሉ ይባላል። የእሱ ነገር ከተራ ዕድገት ይለያል። ማዮስታቲን የሚባል ዘረመል አለ። ሥራው ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ ማገድ ነው። በዚያ ዝርያ ላይ ይህ ዘረመል ተበላሽቷል። ዲኤንኤው ላይ 11 ፊደሎች ጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተደረሰበት። ሃይ ባይ ጠፍቶ ጡንቻው ከልክ በላይ አደገ። ግን ጥጃው ለመወለድ ይከብዳል። በአገሩ አብዛኞቹ ላሞች የሚገላገሉት በቀዶ ጥገና ነው። ፈዲስ ላይ ማታ ላም ምጥ ይዟት ማንን ትጠራለህ?

ተራው ዕድገት እንዲህ በአንድ ዘረመል አይመጣም። የከብት ሙሉ የዘረመል ካርታ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከብት 30 ጥንድ ክሮሞሶም አለው። በ14ኛው ላይ ፕላግ ዋን የሚባል፣ በ6ኛው ላይ ደግሞ ሌላ ቁመትና ክብደት ላይ የሚሠራ ቦታ ተገኝቷል። እነዚህ ጎላ ያሉት ናቸው። የቀረው ሥራ በብዙ መቶ ትናንሽ ዘረመሎች ላይ ተበትኗል። እያንዳንዱ ጥቂት ግራም ያዋጣል። ስለዚህ ነው ከብቱን አይቶ «ዘረመሉ አለው፣ የለውም» ማለት የማይቻለው። መመዘን ብቻ ነው ያለን።

ማዳቀል መጥፎ ነው አላልኩም። ሻኛ ያለውንና ሻኛ የሌለውን ዝርያ ስታዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱ ወላጆች አማካይ ይበልጣል። ይህ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር እይ። የዕድገት ዘር ሲመጣ የልደት ክብደትም አብሮ ይመጣል፤ በአብዛኛው አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሴቶቹም ሲያድጉ ትልልቅ ላም ይሆናሉ። ትልቅ ላም ራሷን ለማቆየት ብቻ ብዙ ትበላለች። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምትከሳው እሷ ናት። የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም፣ ጥጃም አትሰጥህም። ሐረማያ ደጋው ላይ መኖ ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። ድሬ ቆላ ሙቀትና መዥገር መካከል ግን እኔ አልደፍርም።

የጅግጅጋ መንገድ

ገባኝ። እሺ፣ የአገር ውስጡስ? እኛ በኩል የኦጋዴን ከብት አለ። ነጭ፣ ረጅም። ቦረናም አለ።

አዳቃዩ

እሱ ሌላ ወሬ ነው። የኦጋዴን ከብት ሙቀትና ጥም ይችላል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በርባታ ቦታው ላይ አርብቶ ዕድገቱን አጥንቶታል።

ስለ ቦረና አንድ ነገር ልበል፣ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ስለሆነ። የቦረና ከብት መነሻው እኛ ነን። ወደ ኬንያ ሄደ። እዚያ ያሉ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ማኅበር አቋቋሙ። እየመዘኑ፣ እየመዘገቡ፣ ምርጡን ኮርማ እያስቀሩ ቆዩ። ዛሬ የኬንያ ቦረና ተብሎ ወደ ብዙ አገር የሚሄደው ግዙፉ ከብት እሱ ነው። ዘሩ በአብዛኛው የኛው ነው። በዋናነት የተለየው ማን እንደተሸጠና ማን እንደቀረ ነው።

የሐረማያ አድላቢ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ኪሱን አስቡለት። ጥሩ ወይፈን ለሚሸጥ ሰው ያ ገንዘብ የዓመት ቀለብ ነው። የልጅ ሰርግ ነው። «ለመንጋው ብለህ አስቀር» ስትሉት፣ ኮርማው ደግሞ የጎረቤቱንም ላሞች ያጠቃል። ወጪው የእሱ፣ ጥጃው የሁሉም። ማነው እሺ የሚለው?

አዳቃዩ

ትልቁ ችግር እሱ ነው። በበግ ላይ መልስ ተገኝቶለታል። ቦንጋ፣ ሆሮ፣ መንዝ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬዎች ተደራጅተው ጠቦቶቻቸውን ይመዝናሉ። ምርጡን በግ በጋራ ያስቀራሉ፣ በተራ ይጠቀሙበታል። ጊዜው ሲያበቃ ይደልባል፣ ይሸጣል። ባለቤቱ ገንዘቡን አላጣም፤ ዘገየበት እንጂ። በከብት ከባድ ነው፣ ጊዜው ይረዝማል። ግን መንገዱ ያው ነው። ወይፈኑ ከሁለት እስከ አራት ዓመቱ ያጥቃ። ከዚያ ይኮላሽ፣ ይደልብ፣ ይሸጥ። ከአራት ዓመት በላይ ማቆየትም አያስፈልግም። ሴት ልጆቹ ደርሰው ራሱ እንዳያጠቃቸው። አባት ከልጁ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ጥጃ የዘሩ ልዩነት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የሚጨምረው ኪሎ በዚያ በኩል ይፈስሳል።

የኮምቦልቻው ሽማግሌ

ከአራት ዓመቱ በኋላ የተኮላሸ ኮርማ አንገቱ ወፍራም ይሆናል፣ ሥጋውም ጠንከር ይላል። ገበያ ላይ ትንሽ ይቀነስለታል። ግን ይሸጣል። እኔ ሸጫለሁ።

የገንደቆሬው — መጋቢት 14

ወዳጆቼ፣ አንድ ወር ጠፋሁ። ፈዲስ ነበርኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቀዩን ሸጥኩት። እናቱን አላውቅ፣ ዕድሜውን በትክክል አላውቅ፣ ከማን ጋር እንደማወዳድረው አላውቅ። አዳቃዩና የሐረማያ አድላቢ አሳመናችሁኝ።

ከዚያ የአባቴንና በአንድ ግጦሽ የሚውሉትን የሁለት ጎረቤቶች ወንድ ጥጆች ሰበሰብን። ዘጠኝ ሆኑ። ሚዛን ስለሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው የያዝኩት። ከፊት እግር ኋላ ደረቱን ዙሪያ ትለካለህ። ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ርዝመቱን ትለካለህ። የደረቱን ቁጥር በራሱ ታባዛለህ፣ በርዝመቱ ታባዛለህ፣ ለ10,840 ታካፍላለህ። ኪሎው ይወጣል። ቀመሩ የተሠራው ለኛ ከብት ስላልሆነ ትንሽ ይስታል፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

አባቴ የወደደው አንድ ነጭ ወይፈን ነበር። ከሁሉም ግዙፉ እሱ ነው፣ 149 ኪሎ። እናቴ ግን «እሱኮ ቀድሞ ነው የተወለደው፣ ዕድሜው ይበልጣል» አለች። የሁሉንም የልደት ጊዜ እሷ ነበረች የምታስታውሰው። ነጩ 420 ቀኑ ነው። ከጥቁሯ ላም የተወለደ አንድ ዳለቻ አለ። 330 ቀኑ ነው። ደረቱ 118 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 103። 132 ኪሎ።

ሲወለዱ ሁለቱንም 20 ኪሎ አልኳቸው። ነጩ በቀን 307 ግራም ነው የጨመረው። ዳለቻው 339። ሁለቱንም ወደ 365 ቀን ሳመጣቸው ነጩ 132 ሆነ፣ ዳለቻው 144። የዘጠኙ አማካይ 120 ነው። ዳለቻው በ24 ይበልጣል። ሲሶው 8፣ ግማሹ 4 ኪሎ። አባቴ ወረቀቱን አንብቤለት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ይሄን ዳለቻ ባለፈው ሳምንት ለነጋዴ ቃል ሰጥቼበታለሁ» አለኝ።

ወላሂ፣ ልቤ ወረደ። ጥቁሯ ላምኮ ድሮም ወንድ ስትወልድ ጥሩ ጥሩ ነበር የምትወልደው። አባቴ ቆጥሮ ነገረኝ፤ ሦስቱም ተሸጠዋል። ሽማግሌው ያሉት በኛ ደጅ ነበር።

ሁለት ቀን ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ አባቴ ለነጋዴው በዳለቻው ፈንታ ነጩን ሰጠው። ዳለቻው የጎረቤታችንን ላሞች ያጠቃል፤ እዚያ እናቱም እህቱም የሉም። ከጎረቤቱ ጥጆች ሁለተኛ የወጣው ሌላ ቀይ ወይፈን ደግሞ ለኛ ላሞች ይሆናል። ገራባውንና አገዳውን ሦስቱ ቤቶች በየተራ ያወጣሉ። አራት ዓመት ሲሞላቸው ይኮላሻሉ፣ የሽያጩ ገንዘብ የየባለቤቱ ነው።

የባቴዋ

እናትህን ሰላም በልልኝ። የልደት ቀኑን ደብተር ላይ ጻፍላት። ሌላው ቤት የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

የገንደቆሬው

ጽፌላታለሁ። አስራ አራቱም ላሞች በስማቸው አሉበት። ትናንት ማታ ደውላ «ቡሬ ወለደች፣ ሴት ናት፣ ጻፍ» አለችኝ።

የሐረማያ አድላቢ

ዳለቻው አራት ዓመት ሲሞላው ለእኔ ንገረኝ። በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ። እኔ ጋ ሲታሰር በየአስራ አምስት ቀኑ እየለካሁ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።